ለአባባ ሙት ዓመት የሚደርስ መጽሐፍ፦ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፣ ቅዳሜ

አያቴ፣ አባባ፣ ያረፉት ባለፈው የካቲት ነው። በቀብራቸው ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ ጥሩ ነበር። የተወለዱበት አገር፣ ክቡር ዘበኛ የገቡበት ዘመን፣ ኮሪያ፣ ሜዳሊያ፣ ማዕረግ፣ ጡረታ። መጨረሻው ላይ «ባለትዳርና የልጆች አባት ነበሩ» ተባለና አለቀ። እማማ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ከስልሳ ዓመት በላይ የዘለቀ ትዳር አንድ መስመር አገኘ።

ማንንም አልወቅስም። የቀብር ጽሑፍ በአንድ ሌሊት፣ እንባና እንቅልፍ እየታገሉ የሚጻፍ ነው። ደግሞ የወታደር ነገር ለመጻፍ ቀላል ነው፤ ቀን አለው፣ ቦታ አለው፣ ወረቀት አለው። የባልነት ነገር ግን ምን ወረቀት አለው?

ስለዚህ ለሙት ዓመታቸው ትንሽ መጽሐፍ ልሠራ ተነሣሁ። በእጅ የተሰፋ፣ ለቤተሰቡ የሚበቃ ያህል ቅጂ። ሥራው እንዴት እንደሄደ እዚህ እይዛለሁ። የአባቱን ወይም የአያቱን ታሪክ ሊሰበስብ ያሰበ ሰው ካለ ይጠቀምበት።

ዛሬ የአባባን የቆርቆሮ ሳጥን አወረድኩ። የልቅ ፎቶዎች ክምር፣ አንድ አልበም፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሜዳሊያዎች፣ የጡረታ ደብተር፣ የማይበራ የእጅ ባትሪ። መጽሐፉን በሐሳቤ ለሁለት ከፈልኩት፦ «ወታደሩ» እና «ባልየው»።

በማግስቱ

ፎቶ ብቻ ዋልኩ። የኮሪያዎቹን ለብቻ፣ ከጋብቻ በኋላ ያሉትን ለብቻ፣ ማን እንደሆኑ የማይታወቁትን ለብቻ አደረግኩ። ትልቁ ክምር የመጨረሻው ነው። የማንም ቤት እንደዚያ ይመስለኛል።

የሚገርመው የድሮዎቹ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ከኋለኞቹ ባለ ቀለሞች ይልቅ ጸንተዋል። ጥቁርና ነጩ ምስል ከብር የተሠራ ነው። እርጥበት ሲነካው ብሩ ወደ ላይ እየወጣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ነገር ያብለጨልጫል። ቆሻሻ መስሎት የሚፈትግ ሰው ምስሉን ራሱን ነው የሚፍቀው። አይነካም።

አልበሙ አስቸጋሪ ነው። ገጹ ሙጫ የተቀባ፣ ላዩ በላስቲክ የሚሸፈን ዓይነት። ሙጫው ቢጫ ሆኖ ፎቶዎቹን ነክሶ ይዟቸዋል። መጀመሪያ እንደተለጠፉ ስካን አደረግኩ፤ ቢቀደዱ እንኳ ምስሉ ይኖረኛል። ከዚያ የጥርስ ማጽጃ ክር ከአንዱ ጥግ አስገብቼ ቀስ እያልኩ እንደ መጋዝ ሳብኩት። አብዛኞቹ ወጡ። እምቢ ያሉትን ከነገጻቸው ተውኳቸው።

ስካኑ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ነው፤ ክብሪት ሣጥን የሚያክሉትን በ1200። ዋናው ፋይል በቲፍ ይቀመጣል፣ ለቤተሰብ የሚላከው በጄፔግ። የእያንዳንዱን ፎቶ ጀርባም ስካን አድርጉ። ጀርባው ከፊቱ ይበልጥ ይናገራል። በእርሳስ ተጽፎ የደበዘዘ ካለ፣ ክፍሉን አጨልሞ የስልክ መብራት ከጎን ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው። እርሳሱ የቦረቦረው ጥላ ይጥልና ፊደሉ ይነበባል። በዚህ መንገድ «ለማስታወሻ» የሚል ቃልና «44» የሚል ቁጥር አገኘሁ።

ጥቅምት አጋማሽ

የቀን ጉዳይ። አንዱ ፎቶ ጀርባ ላይ በእጅ «44»፣ ሌላው ላይ በማኅተም «1952» ይላል። ሲታይ የተለያየ ነው። ግን 1952 የፈረንጅ ከሆነና ወሩ ከጥር እስከ ነሐሴ ከወደቀ፣ በእኛ 1944 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት መቀነስ። በሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ አወጣሁ፤ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በእነሱ። ሁለቱን ሳይለዩ መጻፍ የአንድን ሰው ዕድሜ ያዛባል።

ምሳሌ ልስጥ። የፈረንጅ ጽሑፎች የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ፣ ማለትም ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ «በኤፕሪል 1951 ከጅቡቲ በመርከብ ተነሣ፣ በሜይ ቡሳን ደረሰ» ይላሉ። በእኛ አቆጣጠር መነሣቱም መድረሱም ሚያዝያ 1943 ውስጥ ነው። አባባ «በአንድ ወር ውስጥ ዓለምን አቋረጥን» ሲሉ ማጋነን ይመስለኝ ነበር።

ስለ ቃኘው ብዙ ገጽ ጽፌ ነበር። ስሙ የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም መሆኑን፣ ሻለቃው ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር መሰለፉን፣ በዙሮቹ ሁሉ በድምሩ ከ6000 በላይ ሰው መዝመቱን፣ ከ120 በላይ መውደቁን፣ አንድም ሰው አለመማረኩን። ዛሬ ወደ አንድ አንቀጽ ጨመቅኩት። ይህን ሌላ ሰው ጽፎታል፤ ማንም ፈልጎ ያገኘዋል። የአባባን ግን እኔ ካልጻፍኩት ማን ይጽፈዋል?

ኅዳር፣ ሐሙስ

አፍንጮ በር፣ ወደ ኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሄድኩ። ፎቶዎቹን በስልክና በወረቀት ይዤ ነበር። ወረቀቱ ይሻላል። አረጋውያን ስልክ ሲሰጧቸው ምስሉ በጣታቸው እየሸሸ ያስቸግራቸዋል።

አንድ አዛውንት ዘማች አገኘሁ። በሕይወት ያሉት ጥቂት ናቸው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። አንዱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ። ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘን፣ ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙ።

«ሰባተኛ ክፍለ ጦር ነው» አሉ። «ዙሪያው ቀይ ነበር። ፎቶ ቀይ አያውቅም፤ አንተ ቀይ ነው ብለህ ጻፍ።»

አባባን ያውቋቸው እንደሆነ ጠየቅኩ። ፊታቸውን ትክ ብለው አዩና «የስልክ ልጆች ናቸው እነዚህ» አሉ። ከአባባ አጠገብ የቆመውን ወጣት ትከሻ አሳዩኝ፤ የሽቦ ጥቅል ተሸክሟል። ፎቶውን መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። ጥቅሉን ቦርሳ ነው ብዬ አልፌው ነበር የምመለከተው።

አባባ የመገናኛ ወታደር መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። እኛ የምንጠይቃቸው «ስንት ገደሉ?» ነበር። የልጅ ጥያቄ። ሁልጊዜ የሚመልሱት «ብርዱ ሊገድለኝ ነበር» ብለው ነው።

ኅዳር፣ እሑድ

የድምፅ ቀረጻ ጀመርን። እማማ ዓይናቸው በግላኮማ ከጠፋ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሆኗል። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፣ ሌላ የለም። እንግዲህ የፎቶ መጽሐፍ እየሠራሁ ዋናዋ ባለቤቱ አያዩትም። ይህን ከመጀመሪያው አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ድምፁ ከመጽሐፉ እኩል ነው።

ስለ መሣሪያው በአጭሩ። ስልክ በቂ ነው። ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይደረጋል። ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ አይቀመጥም፤ የታጠፈ ነጠላ ላይ ይቀመጣል፣ አለዚያ የሲኒው ኳኳታ ሁሉ ይገባል። ሰዓቱ ደግሞ መመረጥ አለበት። ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ አለ፣ ማታ ቴሌቪዥን አለ። ለእኛ ከቡና በኋላ ያለው ጊዜ ተስማማን።

«እማማ፣ ስለ አባባ ይንገሩኝ» ብሎ መጀመር አይሠራም። መልሱ «ደግ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር» ነው። ዕቃ እጃቸው ላይ ማኖር ነው የሚያናግራቸው። ሜዳሊያዎቹን ሰጠኋቸው። የአጎቴ ልጅ በሎሚና በአመድ ሊያበራቸው ፈልጎ ነበር፤ ከለከልኩት። የነሐስ ሜዳሊያ ላይ ያለው ጥቁረት መከላከያው ነው። ሲታሽ ፊደሉም እየሳሳ ይሄዳል።

እማማ የተባበሩት መንግሥታትን ሜዳሊያ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ያ ሜዳሊያ ለየዘማቹ አገር በየቋንቋው ነው የተሠራው፤ የእኛዎቹ ከላይ ባለው ዘንግ ላይ «ኮሪያ» ተብሎ በአማርኛ ተጽፎባቸዋል።

«ይቺ በሲንጀሩ መሳቢያ የከረመችው ናት» አሉ።

በደርግ ዘመን ነው። መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ነበረ። ከደቡብ ጋር ሆኖ መዋጋት በአደባባይ የሚወራ ነገር አልነበረም። እማማ ሜዳሊያዎቹን በጥለት ቅዳጅ ጠቅልለው፣ ከልብስ ስፌት መኪናው መሳቢያ ከክሩ ሥር ቀበሯቸው። ለአባባ አልነገሯቸውም። «ቢጠየቁ አላውቅም እንዲሉ ነው። ውሸት አይችሉበትም፤ ጆሯቸው ይቀላል።» አባባ ሜዳሊያቸው የጠፋ መስሏቸው ዓመታት ዝም አሉ። እማማም ዝም አሉ። ደርግ ሲወድቅ አውጥተው ከቁርስ ጋር ሰሐን ላይ አቀረቡላቸው።

«ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ። መጀመሪያ ቁርሱን በሉ።»

ኅዳር መጨረሻ

ታኅሣሥ 1953ን ቀረጽን። እማማ አባባን እስከ ዛሬ «አሥር አለቃ» ነው የሚሏቸው፤ ሲያገቧቸው የነበራቸው ማዕረግ ነው። ከዚያ ወዲያ ሻምበል ድረስ ደርሰዋል። መቃብራቸው ላይም «ሻምበል» ነው የተጻፈው። እማማ ግን ዕድገቱን አልተቀበሉትም።

የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው የክቡር ዘበኛ ነበር። አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ናቸው። «አሥር አለቃና ጓደኞቻቸው ለንጉሡ ነው ተብለው ነው የወጡት» ይላሉ እማማ። ነገሩ ሲከሽፍ አባባም ከጓዶቻቸው ጋር ታሰሩ። እማማ ያኔ ሕፃን በጀርባቸው ነበረ። ስንቅ ይዘው ይመላለሱ ጀመር።

«ፈታሹ ዳቦውን ይቆርሰዋል። ወጡን በማንኪያ ያማስለዋል። የተረፈውን እሳቸው ይበላሉ። መነጋገር የለም።»

ባዶው ምሳ ዕቃ ሲመለስ ግን መያዣው ላይ ክር ታስሮበት ይመጣል። ከብርድ ልብሳቸው የተመዘዘ። አንድ ቋጠሮ ደህና ነኝ ማለት ነው። ሁለት ቋጠሮ አሞኛል። ሦስት ቋጠሮ ከመጣ፣ ሊያዛውሩን ነው ማለት ነው፤ ነገ ብታጪኝ አትደንግጪ። ይህን የተስማሙት ከመታሰራቸው በፊት አልነበረም። እማማ እየገመቱ ነው የደረሱበት።

«ሁለት ቋጠሮ የመጣ ዕለት ነጭ ሽንኩርትና ማር ላክሁ። በማግስቱ ምሳ ዕቃው አንድ ቋጠሮ ይዞ መጣ። ያን ጊዜ ገባኝ።»

እዚህ ላይ ቀረጻውን አላቆምኩም። እማማ ረጅም ጊዜ ዝም ብለዋል፤ ዝምታውም ፋይሉ ውስጥ አለ። እንዳይቆረጥ ብያለሁ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ

ዛሬ ካሜራ ይዤ ግቢውን ዞርኩ። ገመዱን ላነሣ ነው።

የእኛን ቤት የሚያውቅ ሰው ገመዱን ያውቃል። ከሳሎን በር ተነሥቶ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት ሽንት ቤት፣ ሌላው ደግሞ ወደ ውጭ በር የሚሄድ የናይለን ገመድ ነው። የእማማ ዓይን ሲደክም አባባ የዘረጉት። ልጆች ሆነን እንደ ልብስ ማስጫ ነበር የምናየው፤ ልብስ የሰቀለበት ግን ቁጣቸውን ያገኛል።

ቁመቱን ለካሁ። በየምሰሶው አንድ ዓይነት አይደለም። መሬቱ ሲወርድ ገመዱም ይወርዳል፤ የእማማ እጅ ክንዳቸው ሳይታጠፍ የሚያርፍበት ላይ ነው። ማድ ቤት ከመድረሱ ሁለት እርምጃ ቀድሞ አንድ ቋጠሮ አለ፤ ደረጃው እዚያ ነው። ሽንት ቤቱ ጋ ሁለት። ውጭ በር ጋ ሦስት። ምሰሶው ላይ የታሰረበት ቋጠሮ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፤ ሲጎትቱት ይጠብቃል፣ ሲገፉት ይላላል።

ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩበት። ማድ ቤት ደረስኩ። ጭንቅላቴንም አልመታሁም፤ እማማ የሚመቱበት ቅርንጫፍ ድሮ ተቆርጧል።

ማታ ስለዚህ ጠየቅኳቸው። «ኮሪያ እንዲህ ነበር የሚሄዱት ይሉ ነበር» አሉ። የስልኩ ሽቦ ከዋናው ምሽግ እስከ ፊተኛው ይዘረጋል። መድፍ ሲወድቅ ይቆረጣል። የሚቆረጠው ደግሞ ሌሊት ነው። መብራት ማብራት አይቻልም። ያን ጊዜ የመገናኛው ወታደር ሽቦውን በመዳፉ ውስጥ እያስኬደ፣ በጨለማ፣ የተቆረጠበትን ቦታ ፈልጎ ይቀጥላል። አባባ የፈሩት የተቆረጠውን ጫፍ ካገኙ በኋላ ሌላኛውን ጫፍ መፈለጉን ነበር፤ ያን ጊዜ የሚይዙት ነገር የለም።

እማማ ዓይናቸው ሊጠፋ እንደሆነ ሐኪም የነገራቸው ዕለት አባባ ብዙ አልተናገሩም ነበር። ቤት ሲደርሱ ቁመታቸውን ለኳቸው። «ቀሚስ ሊያሰፉልኝ መስሎኝ ነበር» አሉ እማማ።

ታኅሣሥ፣ ትንሽ ቆይቶ

ሁለቱን ክፍሎች አፈረስኳቸው። «ወታደሩ» እና «ባልየው» የሚለው ርዕስ ወጣ። የሽቦው ጥቅል ፎቶና የገመዱ ፎቶ አሁን ፊት ለፊት ገጽ ላይ ናቸው፤ በግራ 1944፣ በቀኝ ግቢያችን። ከሥራቸው መግለጫ አልጻፍኩም፣ ቀንና ቦታ ብቻ።

የአጎቴ ልጅ አልተስማማም። ጦርነቱ ለብቻው ተከብሮ ይቀመጥ ይላል፤ ጀግናን ከማድ ቤት ጋር ምን አገናኘው? ተከራከርን። እኔ አባባን የማውቃቸው ማድ ቤት ነው። እማማ ማየት ሲያቅታቸው ቡናውን የሚያፈሉት እሳቸው ነበሩ። ጓደኞቻቸው ይስቁባቸው ነበር። «ምሽግ ውስጥ ማን ያፈላልን ነበር?» ይሏቸዋል። ከዚያ አዲስ ዘመንን ለእማማ ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል፤ ፖለቲካውን እየዘለሉ። ይህን ከመጽሐፉ አውጥቼ ምን ልተው?

ጥር

ጥረዛ። ገጾቹ ታተሙ። ወረቀቱ ሲታጠፍ እንዳይሰነጠቅ ቃጫው በሚሄድበት አቅጣጫ ነው የሚታጠፈው። ለማወቅ ወረቀቱን ሳይታጠፍ በሁለቱም አቅጣጫ ገፋ ማድረግ፤ በቀላሉ የሚለምጠው አቅጣጫ ያ ነው። አራት አራት ወረቀት አንድ ላይ አጥፌ ደብተር አደረግኩ።

ቀዳዳውን የበሱት እማማ ናቸው። ድሮ መሶብ ይሰፉ ነበር፤ ወስፌያቸው አሁንም አለ። ከካርቶን መለኪያ ቆረጥኩላቸው፣ በቀዳዳው ቦታ ጥርስ ያለው። መለኪያውን በእጥፋቱ ላይ አስቀምጠው፣ ጥርሱን በጣታቸው አግኝተው፣ ወስፌውን ይሰዳሉ። የእኔ ቀዳዳ ይወላገዳል፤ የእሳቸው አይወላገድም። ክሩን በሰም አሽቼ እኔ ሰፋሁት። ጀርባውን በስንዴ ዱቄት ሙጫ ለጠፍኩ። ሙጫው ቀጭን መሆን አለበት፤ ወፍራም ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ነፍሳትንም ይጠራል። ሌሊቱን ከከባድ መጻሕፍት ሥር አደረ።

ለእማማ ቅጂ ልዩ ነገር አሰብኩ። ከመጽሐፉ ጀርባ ቋጠሮ ያላቸው ክሮች እንዲወርዱ፤ አንድ ቋጠሮ የመጀመሪያው የድምፅ ቀረጻ፣ ሁለት ቋጠሮ ሁለተኛው። ክሩን ዳስሰው የፈለጉትን እንዲያዙ። ሠርቼ ሰጠኋቸው።

ዳሰሱት። «ምን ያደርጋል?» አሉ። «ልጅቷ ቁጥር ታውቃለች። ሦስተኛውን ክፈቺልኝ እላታለሁ።»

ክሮቹን ቆረጥኳቸው።

ጥር መጨረሻ

ረቂቁን ከመጨረሻው እትም በፊት ለእማማ ሙሉውን አነበብኩላቸው። ሦስት ቦታ አስተካከሉ። አንዱ የሠርጋቸው ቀን ነው። ሁለተኛው፣ አባባ «ፍርሃት የማያውቁ» ተብለው ነበር፤ «መርፌ ይፈሩ ነበር፤ ጻፈው» አሉ። ጻፍኩት። ሦስተኛው የመጨረሻው ገጽ ነው። «ሚስታቸውን እጅግ የሚወዱ» የሚል ነበረ። አስወጡት። «እሱን እኔ አውቀዋለሁ። ለሰው ምን ያደርግለታል?»

ቅጂዎቹ አልቀዋል። ለልጆቻቸው አንድ አንድ፣ አንዱ ለአፍንጮ በሩ አዛውንት፣ አንዱ ቤት ይቀራል። ስካኖቹና ድምፁ በሁለት ፍላሽና በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው፤ ሃርድ ዲስኩ ከእኛ ቤት ውጭ፣ እኅቴ ጋ ነው። ፎቶዎቹ ከሙጫው አልበም ወጥተው በወረቀት ፖስታ ገብተዋል። በየፖስታው ላይ በእርሳስ ስም ተጽፏል፤ መጀመሪያ ተጽፎ ነው ፎቶው የሚገባው።

የቀረኝ ሽቦ የተሸከመው ወጣት ነው። ስሙን አላገኘሁም። ከሙት ዓመቱ በኋላ ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ እንደገና አፍንጮ በር እወስደዋለሁ። ጀርባው ላይ በአባባ እጅ «44» ይላል፤ ከሥሩ የሌላ ሰው ጽሕፈት የሚመስል ፊርማ አለ፣ የመጀመሪያው ፊደል «ተ» ነው።